ጁሊያ የመጀመሪያውን ግራፍ እስኪያወጣ ለምን ያስጠብቃል?

ቦርከና፦ ሰላም ወገኖች። ኮምቦልቻ ባለ የኮምፒውተር ክፍል ጁሊያ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ 1.8 ነው ያለን፤ ማሽኖቹ ባለ 4 ጊጋባይት ራም ናቸው። ግራፍ የሚሥለውን ፓኬጅ (ተጨማሪ የኮድ ጥቅል)፣ ፕሎትስን ጠርተን የመጀመሪያውን ግራፍ ስናዝ እጅግ ይዘገያል፤ ሁለተኛው ወዲያው ይወጣል። ዘግቶ የከፈተ ደግሞ እንደገና ይጠብቃል። ኮዱን አስቀድሞ ኮምፓይል አድርጎ (ወደ ማሽን ኮድ ቀይሮ) ማስቀመጥ አይቻልም?

ጦሳ (ደሴ)፦ ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን ከ1.8 ውጡ። እስከዚያ ድረስ ፓኬጅ ፕሪኮምፓይል ሲደረግ (ከመጠቀም በፊት ሲዘጋጅ) የማሽን ኮዱ አይቀመጥም ነበር፤ ከባዱ ሥራ በየከፈታችሁት ቁጥር አዲስ ነው። ከ1.9 (2023 እ.ኤ.አ.) ወዲህ የማሽን ኮዱም ዲስክ ላይ ይቀመጣል።

ለራሳችሁ ኮድ ፓኬጅ ሥሩና ፕሪኮምፓይልቱልስ የሚባለውን ፓኬጅ ጨምሩ። በ«ሴትአፕ ወርክሎድ» ውስጥ ትንሽ ናሙና ዳታ አዘጋጁ፣ በ«ኮምፓይል ወርክሎድ» ውስጥ ተማሪዎቹ የሚጠቀሙባቸውን ፈንክሽኖች በዚያ ናሙና አሠሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዳታ ዓይነቱ ላይ ነው። ጁሊያ ለእያንዳንዱ የዓይነት ጥምረት ለየብቻ ኮምፓይል ስለሚያደርግ፣ ናሙናው ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ብቻ ሆኖ ተማሪው ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ካስገባ መጠበቁ አይቀርለትም። እዚያ ውስጥ ፋይል የሚጽፍ ወይም ኢንተርኔት የሚጠራ ነገር አታስገቡ።

ራም ስላነሰ በአንድ ጊዜ ብዙ ፓኬጅ ኮምፓይል እንዳያደርግ «ጁሊያ ነም ፕሪኮምፓይል ታስክስ» የሚባለውን የሲስተም ተለዋዋጭ 1 አድርጉት። ይረዝማል፣ ግን ማሽኑ አይታነቅም።

ቦርከና፦ ወደ 1.10 አሳደግነው፤ በጣም ተሻለ፣ እናመሰግናለን። ግን ጠዋት ጠዋት ፕሪኮምፓይሉን ከዜሮ ይጀምራል። ማሽኖቹ ሲነሱ ዲስክ «ሲ»ን ወደነበረበት የሚመልስ ሶፍትዌር አላቸው።

ጦሳ፦ በቃ፣ ጥፋቱ እሱ ነው። የተቀመጠው ኮድ ያለው በተጠቃሚው ፎልደር፣ «ኮምፓይልድ» ውስጥ ነው፤ አብሮ ይጠፋል። «ጁሊያ ዲፖ ፓዝ»ን ወደማይጸዳው ዲስክ «ዲ» አዙሩት።

ሐይቅ፦ ፓኬጆቹ ለሴሚስተሩ የማይቀየሩ ከሆነ ፓኬጅኮምፓይለር በሚባለው ፓኬጅ ሲስኢሜጅ (ፓኬጆቹ ኮምፓይል ሆነው የገቡበት የጁሊያ ማስነሻ ፋይል) መሥራትም ያዋጣል። ፕሎትስን አስገብታችሁ ትሠራላችሁ፣ ከዚያ ጁሊያን በ«ሰረዝ ጄ» ከፋይሉ ጋር ታስነሳላችሁ። ጉዳቱ፣ የፓኬጆቹ ቨርዥን እዚያው ይታሰራል፤ ብታሻሽሉም አሮጌው ነው የሚሠራው። ወደ ሌሎች ማሽኖች የምትቀዱት ከሆነ የሲፒዩ ዒላማውን «ጀነሪክ» በሉት፤ ካልሆነ ለሠራበት ፕሮሰሰር ብቻ ስለሚዘጋጅ አሮጌዎቹ ላይ ላይነሳ ይችላል። የጁሊያ ቨርዥኑና ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም አንድ መሆን አለባቸው። ሥራው ረጅም ነው፣ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ከመጀመሪያው ነው፤ ባትሪው ደህና በሆነና ራሙ ሰፋ ባለ ላፕቶፕ ላይ ሥሩት።