ሸክላዬ መሀሏን አልይዝ አለች

በገዛ ገንዘቤ የገዛኋት የመጀመሪያ ሙዚቃ ናት። በ1967 ዓ.ም.፣ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ። በደቂቃ 45 ዙር የምትዞር የማህሙድ አህመድ ሸክላ፤ በየፊቷ አንድ አንድ ዘፈን። ያኔ ማጫወቻ እንኳን አልነበረኝም፣ ጎረቤት ቤት ይዣት ነበር የምሮጠው።

ሰሞኑን ልጄ አዲስ ማጫወቻ ገዛልኝ። ችግሩ ቀዳዳው ላይ ነው። የሸክላዋ ቀዳዳ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር ነው፤ የማጫወቻው ዘንግ ደግሞ 7 ገደማ። መሀል የሚገባው ክብ ፕላስቲክ ከዕቃው ጋር አልመጣም። ታይዋን ገበያ ዞሬ ጠየቅሁ፤ ሻጮቹ ሳቁብኝ።

ካርቶን ቆርጬ ሞከርኩ። ዘፈኑ ከፍ ዝቅ እያለ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። የውሃ ጠርሙስ ክዳን በስቼ አስገባሁ፤ ክዳኑ ለቀዳዳው አነሰ። ፍጥነቱ 45 ላይ ነው፣ መርፌውም አዲስ ነው። የድሬ ሙቀት አጣሟት እንዳይሆን ብዬ መስታወት ላይ አስተኝቼ አየኋት፤ ዝርግ ናት፣ ምንም አልሆነችም።

እንዲህ ዓይነት ሸክላ ያላችሁ ሰዎች፣ ሳይወላገድ ልክ መሀሏን የሚይዝ ክብ ከምን ሠራችሁ?