ሣሬን መላጣ አድርጌው ቁጭ ብያለሁ፣ የእህቴ መልስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል

ግቢዬ (ታኅሣሥ 24)
ሰላም የሰሜን ሸዋ ጎረቤቶች። የሚያውቅ ሰው ካለ ቶሎ ይድረስልኝ። ትናንት ከሰዓት ሣሩን በማሽን አጨድኩት፣ ምላጩን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌ። ዛሬ ጠዋት ስወጣ ግቢው ጭድ የተበተነበት አውድማ መስሏል። አረንጓዴ የሚባል ነገር የለም። ሣሩ ሰርዶ ነው፣ እንደ ምንጣፍ የሚሆነው ቀጭኑ ዓይነት። እኔም የፈለግኩት ምንጣፍ ነበር፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ። ስፋቱ 8 በ8 ሜትር ነው። ጥር 14 የእህቴ መልስ እዚሁ ግቢ ነው፣ ዘመድ ሁሉ ተጠርቷል። ውኃ ላብዛበት? ማዳበሪያ ላድርግ? ወይስ ነቅዬ እንደገና ልትከል? እባካችሁ ዛሬውኑ።

ቆለኛው
አይዞሽ እህቴ፣ ሰርዶ እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ። አምና በስህተት እስከ አፈሩ ላጭቼው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተመልሷል። ዩሪያ በተን በተን አድርጊበት፣ ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጪ። ለመልሱ ይደርሳል።

የበሬሳ ልጅ
አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች። አንቺ ደግሞ እሷ በቁሟ እያለች ጨረስሽባት።

ማሽላ ይሻላል
ሰው ይሙት፣ ይሄ ነገር ያስቀኛል። አባቴ ቀወት ላይ ዕድሜውን ሙሉ ከማሽላ ማሳው ሰርዶ ሲነቅል ኖረ። አንዲት አንጓ ከቀረች ለከርሞ ማሳውን ትወርሳለች። እናንተ ከተሜዎች ከፍላችሁ ታስተክሉታላችሁ፣ ውኃ ትገዙለታላችሁ፣ ከዚያ ታማሚ አስታማሚ ትሆናላችሁ። 64 ካሬ ላይ ጎመንና ድንች ብትተክዪ ኖሮ ለመልሱም ይተርፍ ነበር።

ግቢዬ
ወንድሜ፣ ጎመኑ ከጓሮ አለ። ይሄ የፊት ለፊቱ ነው። የጠየቅኩት ሌላ ነው።

አፈር ወዳድ
እህቴ፣ ዋናውን አልነገርሽንም። የት ነው ያለሽው? ሰሜን ሸዋ ከቆላ እስከ ውርጭ ነው። ሌሊት ውርጭ ይጥላል?

ግቢዬ
ውይ፣ ደብረ ብርሃን ነኝ። ሁሉም የሚያውቅ መስሎኝ ነው። ውርጭማ ሰሞኑን በየሌሊቱ ነው። ዛሬ ጠዋት ግቢው ነጭ ነበር። እንዲያውም የልጄ ዱካ ከበሩ እስከ ቧንቧው ድረስ ጠቁሮ ይታያል፣ የረገጠበት ሁሉ። ቆለኛው እንዳለው ዩሪያውን በትኛለሁ። ለጎመኑ ተገዝቶ የተረፈ ሁለት ኪሎ ነበር፣ ሁሉንም። ውኃ ግን የፈረቃችን ቀን ስላልሆነ ገና አልጠጣም።

አፈር ወዳድ
ሁለት ኪሎ! በይ ይሄን ሳትጨርሺ መጥረጊያ አንሺ። ፍሬው ካልሟሟ አሁኑኑ ቀስ ብለሽ ጠርገሽ አውጪው። ውርጩ ቀልጦ አርጥቦት ከሆነ ደግሞ ሣሩ እስኪደርቅ ጠብቂና ጥረጊ። ተመልሰሽ ስትመጪ ቀሪውን አንብቢ።

ሰርዶ ሙቀት ወዳድ ነው። 25 ዲግሪ ሲያልፍ ይፈነድቃል። አፈሩ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ማደጉን ያቆምና ይተኛል፣ ቅጠሉም ጭድ ይመስላል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ። በመንገድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ለሣሩ ግን ሌላ አገር ነው። የቆለኛው ምክር ለሮቢት ልክ ነው። ለአንቺ ግን በታኅሣሥ አይሠራም።

ማሽኑ ያደረገው ይሄን ነው። ሰርዶ አረንጓዴው ከላይ ብቻ ነው። ከሥር ያለው ግንድ ብርሃን ስለማያገኝ ቡናማ ነው። አረንጓዴውን ወስደሽ ቡናማውን ገለጥሽው። በሙቀት ወቅት ይሄ ሁለት ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ቁስል ነው። አንቺ ግን ልብሱን ያወለቅሽው ውርጭ በሚጥልበት ሰሞን ነው። ያ ቅጠል አንጓውን ከብርድ ይከልልለት ነበር። ጠዋት ውርጭ ላይ መሄድም ክልክል ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኗል፣ ስትረግጪው ይሰበራል። የልጅሽ ዱካ የጠቆረው ለዚህ ነው።

ዩሪያ የተኛ ሣር አያስነሳም፣ ጨው ሆኖ ያቃጥለዋል። እያደገ ላለ ሣር እንኳ ለ100 ካሬ አንድ ኪሎ ይበቃል። ላንቺ ግቢ ስድስት መቶ ግራም ገደማ ማለት ነው። አንቺ ሦስት እጥፉን በትነሻል። ከጠረግሽ በኋላ የቀረውን ወደ ታች ለማውረድ 20 ሚሊ ሜትር ውኃ ያስፈልጋል። ለ64 ካሬ 1,280 ሊትር ነው፣ ከስድስት በርሜል በላይ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ግድም አጠጪው። ማታ አይሆንም።

አሁን ሞቷል ወይስ ተኝቷል የሚለውን አንቺው እዪልን። መሬት ለመሬት ከሚሄደው ገመድ አንድ ንቀዪ። አንጓውን በጥፍርሽ ፈቅፍቂው። ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ጠንከር ካለ ሕይወት አለው። ቡናማ ሆኖ እንደ ደረቅ ክር ከተበጠሰ አልቆለታል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አትሞክሪ፣ ከየጥጉ ንቀዪ።

የበሬሳ ልጅ
ልብስ ያስፈልገዋል ካልክማ ችግር የለም። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ውስጥ ሣር በብርድ ይሞታል? አንሶላም ጨምሪለት።

አፈር ወዳድ
እየቀለድክ ልክ ተናገርክ። ወደ ማታ ፀሐይ ስትገባ ጆንያ ወይም አሮጌ ጨርቅ ይልበስ፣ ጠዋት ፀሐዩ ሲሞቅ ይነሳ። ላስቲክ ከሆነ ግን ሣሩን እንዳይነካው።

ሰላም ለሁላችን
ዩሪያ በትኚበት እህቴ፣ እኛ ጋ አታዬ ፍቱን ነው።

ግቢዬ
ኧረ ዩሪያው ይቅርብኝ፣ እየጠረግኩት ነው!

ቆለኛው
እህቴ ይቅርታ፣ ደብረ ብርሃን መሆንሽን ባውቅ አፌን እዘጋ ነበር። ሰው ግን ሲጠይቅ አገሩን ይጻፍ።

ጋሼ መቀስ
ልጄ፣ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ዓመት በአትክልተኛነት ሠርቻለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ማሽንሽ እንዴት ያለ ነው? ከሥር እንደ ማራገቢያ የሚሽከረከር አንድ ምላጭ ያለው ከሆነ ለአንድ ሳንቲ ሜትር አልተሠራም። መሬትሽ ትንሽ ካበጠ ምላጩ አፈር ይገባል። ዝቅ አድርጎ ለማጨድ በእጅ የሚገፋው፣ ምላጮቹ በጥቅልል ላይ ሆነው እንደ መቀስ የሚቆርጡት ነው የሚሻለው። ያም ስለት ይፈልጋል። የተቆረጠውን ጫፍ አንስተሽ እዪው። ተቀድዶ ነጭ ጭረት ካወጣ ምላጩ ዶልዱሟል።

ደግሞ ሣር በአንድ ቀን አይወርድም። ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ ትቆርጫለሽ፣ ቀናት ትጠብቂያለሽ፣ ደግሞ ሲሶ። አንድ ሳንቲ ሜትር የሚፈልግ ሰው በየሁለት ሦስት ቀኑ ማጨድ አለበት። ይሄ ሥራ ነው፣ ጌጥ አይደለም።

ግቢዬ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዎ፣ እርስዎ ያሉት ባለ አንድ ምላጩ ነው። በኪራይ ያመጣሁት መስሏችሁ እንዳትስቁ፣ የገዛሁት ነው። ቪዲዮ ላይ የጎልፍ ሜዳ አይቼ ነው የተሸወድኩት።

ጋሼ መቀስ
የጎልፍ ሜዳው ቀዳዳው አካባቢ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ነው የሚታጨደው። በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ሠራተኛ ተቀጥሮለት፣ አሸዋ እየተነሰነሰ። ያንቺ ግቢ በሙቀት ወቅት አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ቁመት ይበቃዋል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ማሽኑን አስቀምጪና ረዘም ይበል፣ ውርጩን በቅጠሉ ይቀበል።

የጣርማ በር ንፋስ
መጀመሪያውኑ ደብረ ብርሃን ላይ ሰርዶ ምን ይሠራል? ኪኩዩ ነበር መትከል። የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሣር ነው፣ ብርዱን ይሻላል።

አፈር ወዳድ
ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ግን ጠንካራ ውርጭ ሲመታው ይነጣል። ዝቅ ተደርጎ መታጨድም አይወድም፣ ግንዱ ወፍራም ስለሆነ እስፖንጅ ይመስላል። ምንጣፍ ለፈለገ ሰው ኪኩዩ መልስ አይሆንም።

የጣርማ በር ንፋስ
ሰርዶውም መልስ አልሆነም፣ ይኸው ታየ።

እንጀራ በወጥ
እናንተ ስለ ምላጭ ስትከራከሩ መልሱ ይደርሳል። እቴ፣ ጥር 14 ጠዋት ቄጠማ አስመጪና ግቢውን ጎዝጉዢው። መልስ ላይ ጉዝጓዝ ያልነበረበት ቤት አለ እንዴ? ማን ጎንበስ ብሎ ከሥር ያለው ሰርዶ ነው ጭድ ነው ይላል? ሁሉም የሚያየው ሙሽራዋን ነው።

አፈር ወዳድ
ሥራዬን በአንድ መስመር ጨረስሽብኝ። ግን ሁለት ነገር። ቄጠማው ማታውኑ ይነሳ፣ ረጥቦ ቀናት ከተኛበት ከሥር ያለውን ያሻግተዋል። ዳሱ ደግሞ አጥሩ ጋ ወዳለው ደረቅ መሬት ይጠጋ። የተኛ ሣር ሲረገጥ አዲስ ቅጠል አውጥቶ አይተካም። የወንበር እግርና የጫማ ተረከዝ ይጨርሱታል።

ግቢዬ (ታኅሣሥ 25)
ነቅዬ አየሁ። ሃያ ገመድ ነቀልኩ። ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ ከጠዋት የሚመታው ጋ፣ ሁሉም ነጭና ጠንካራ ናቸው። አንዷ እንዲያውም የመርፌ ጫፍ የምታህል አረንጓዴ አውጥታለች። መሃሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በሩ አካባቢ፣ ውኃ የሚተኛበት ጎድጎድ ያለው ቦታ፣ ሁሉም ቡናማ ነው፣ ሲነካ ይበጠሳል። ዩሪያውን አንድ ጣሳ ተኩል ያህል ጠርጌ አውጥቻለሁ። ውኃው ነገ ይመጣል። የሞተውን ቦታ ከግድግዳው ሥር እየነቀልኩ አሁን ልተክልበት?

አፈር ወዳድ
አሁን አይሆንም። ብርዱ አልፎ፣ ከሚያዝያ በኋላ መሬቱ ሲሞቅ። ሁለት ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ይበቃል፣ አንዱ አንጓ አፈር ውስጥ ይግባ። ከዚያ በፊት ጎድጓዳውን አሸዋ በተቀላቀለ አፈር ደልድዪው። ቀዝቃዛ አየር ዝቅ ያለ ቦታ ይወዳል፣ ውርጩም እዚያ ነው የሚጠናው። ምላጩም አጠገቡ ያለውን ጉብታ የሚልጠው መሬቱ እኩል ስላልሆነ ነው።

ጋሼ መቀስ
ሕይወት ያለው ሣር ላይ ከሆነ አሸዋውን በአንድ ጊዜ አትጫኚበት ልጄ። ጣት አይሞላ። የሣሩ ጫፍ ብቅ ብሎ ይታይ። ሲያድግ ደግሞ ጨምሪ።

ሰላም ለሁላችን
ዩሪያውን ከውኃ ጋር በጥብጠሽ ብትሞክሪስ?

የበሬሳ ልጅ
ይሄን ሰው አንድ ሰው በውስጥ መስመር ያነጋግርልኝ።

እንጀራ በወጥ (ጥር 17)
እቴ፣ መልሱ እንዴት ሆነ? ቄጠማ ተጎዘጎዘ ወይስ ሣሩ ተነሣ? ፎቶ እንጠብቃለን።

ማሽላ ይሻላል (የካቲት 3)
ማሽኗን የምትሸጪ ከሆነ ጻፊልኝ። ለሣር አይደለም። አጥሩ ጥግ ያለውን አረም ልላጭበት ነው።