ከፊልም ወደ ዲጂታል ልቀይር ነው፣ ለሰርግ የቱን ካሜራ ልግዛ?

የካራው ፎቶ ቤት፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ካራ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ፣ አሁን የምትተዳደረው በጉርድ ፎቶና በላሚኔሽን ነው። ድሮ ግን ስራዬ ሰርግ ነበር፣ በፊልም 11 አመት አንስቻለሁ፣ ከዛ ፊልሙም ጠፋ የሚያጥበውም ጠፋ ልጆቹ ደግሞ ዲጂታል አንጠልጥለው መጡ፣ እኔም ተናድጄ ተውኩት። አሁን ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የጎረቤቴ ልጅ ጥር መጨረሻ ታገባለች። የእናቷን ሰርግ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ እናትየው "ከሱ ሌላ ማንም አያነሳትም" ብላ ቀብድ አስጨበጠችኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ።

ያለኝ እቃ ኒከን ኤፍ100 እና ኤፍኤም2 ነው፣ ሌንሶቼ 50 ኤፍ 1.8 ዲ፣ 85 ኤፍ 1.8 ዲ እና 35-70 ኤፍ 2.8 ዲ ናቸው፣ ፍላሽ ኤስቢ-28 አለኝ፣ ሌላ ደግሞ ያረጀች ቪቪታር 283 አለች። እጄ ላይ 150 ሺህ ብር አለ፣ ከዛ ካለፍኩ ሚስቴ ከቤት ታስወጣኛለች። የወንድሜ ልጅ ኒከን ዲ5300 ከነሌንሱ በቅናሽ ልስጥህ ይለኛል፣ አንድ ሰው ካነን 6ዲ አለኝ አለ፣ መገናኛ የጠየቅኩት ልጅ ደግሞ "ጋሼ አሁን ሁሉም ሶኒ ነው" ብሎ አሰናበተኝ። ሶስቱን ሰምቼ ጭንቅላቴ ዞረ። ምን ትሉኛላችሁ?

ሰሚት ኮንዶ፦
ዲ5300ን ተወው ወንድሜ፣ በነጻም ቢሰጥህ ለሰርግ አይሆንህም። መጥፎ ካሜራ ስለሆነ እንዳይመስልህ፣ ካንተ ሌንሶች ጋር ስለማይግባባ ነው። ዲ ሌንሶችህ ውስጣቸው ሞተር የለም፣ ኤፍ100 ላይ ፎከስ የሚያደርጉት የካሜራው አካል (ቦዲው) ውስጥ ያለው ሞተር እያሽከረከራቸው ነው። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ያ ሞተር የላቸውም፣ ስለዚህ ሙሽራዋ እየሄደች አንተ በእጅህ ቀለበት ስታዞር ትውላለህ። ደግሞ ሴንሰሩ ትንሽ ነው፣ 50ህ እንደ 75 ትሆናለች፣ 35-70ህ ከ52 ይጀምራል፣ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ቤተ ዘመዱን በምን ታስገባለህ? ግድግዳ ሰብረህ ካልወጣህ በቀር።

ያገለገለ ኒከን ዲ750 ፈልግ። ፉል ፍሬም ነው፣ ሴንሰሩ ከፊልምህ ጋር እኩል ነው ማለት ነው፣ 24 ሜጋፒክስል፣ ሞተሩ አለው፣ የካርድ ቦታው ሁለት ነው። ሶስቱም ሌንሶችህ እንደ ድሮው ይሰሩልሃል። ካነን 6ዲ ከገዛህ ግን ሌንሶችህን ሁሉ ሸጠህ ከዜሮ ልትጀምር ነው።

ሚረርለስ ብቻ፦
ጋሼ እኔ ሰሚት ኮንዶ ባሉት አልስማማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዲ750 እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ካሜራ ነው። ሶኒ ኤ7 3 ይያዙ፣ አይን ለቅሞ ፎከስ ያደርጋል፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ ድምጽ ሳያሰማ ያነሳል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን ልክ) ገና ሳያነሱ በፋይንደሩ ውስጥ ያዩታል፣ ከፊልም ለመጣ ሰው እኮ ይሄ እንደ ተአምር ነው። ካርዱም ሁለት ነው። ሌንስ መቀየር ግድ ነው እሱን አልክድም።

ሰሚት ኮንዶ፦
በ150 ሺህ ኤ7 3 ከነጥሩ ሌንስ ካገኘህለት እኔም እገዛዋለሁ 😂 ቦዲ ብቻ ይዞ ሰርግ አይኬድም። ድምጽ አልባው ሹተር ደግሞ ኤልኢዲ መብራት ስር አንዳንዴ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር መስመር ያወጣል፣ አዳራሽ ውስጥ ሳትሞክረው አትመነው።

ሚረርለስ ብቻ፦
መስመሩ እውነት ነው፣ አዳራሽ ስገባ እኔም ወደ ተራው ሹተር እመልሰዋለሁ። በጀቱን አስተውዬ አላነበብኩትም ነበር። ጋሼ በዚህ ብር ከሆነ ሰሚት ኮንዶ ልክ ናቸው።

ጀሞ 3፦
አይፎን ይበቃል ባክህ

ቪዲዮማን ነኝ፦
ጀሞ 3 ቀልዱን ተወው፣ ሰውየው ቀብድ በልቷል።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፣ የፈለግከውን ግዛ ግን የካርድ ቦታው ሁለት ይሁን። ሱሉልታ አንድ ሰርግ ላይ አብሮኝ የሰራው ፎቶ አንሺ ባለ አንድ ካርድ ካሜራ ይዞ ነበር፣ ከጠዋት እስከ ማታ አንስቶ እቤቱ ገብቶ ካርዱን ላፕቶፕ ላይ ሲሰካው "ፎርማት ይደረግ?" ብሎ ጠየቀው። በቃ። ግማሹን በሪከቨሪ ፕሮግራም አወጣው፣ ቅልቅሉ በሙሉ ግን ሄደ። ከሳምንት በኋላ ሙሽሮቹን ዳግም አልብሶ ሚዜዎቹን ለምኖ እንደገና አነሳቸው፣ ሽማግሌዎቹን ግን ከየት ያምጣቸው። ፊልም ላይ አንድ ጥቅል ቢበላሽ 36 ነበር የሚጠፋው፣ አሁን 1500 በአንድ ጊዜ ነው። ካነን 6ዲ አንድ ካርድ ብቻ ነው የሚይዘው፣ 5ዲ ማርክ 3 ሁለት ይይዛል። ልጆቹ በርካሽ የሚሸጡት ዲ700ም አንድ ነው። ዲ750ን ከገዛህ ሁለተኛውን ካርድ "ባክአፕ" ላይ አድርገው፣ ያኔ ሁለቱም ላይ እኩል ይጽፋል።

የካራው ፎቶ ቤት፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የሱሉልታውን ሳነብ ላብ አሰመጠኝ፣ ሁለት ካርድ ላይ ወስኛለሁ። ዲ750 ወደሚለው አዘንብያለሁ። አሁን የምፈራው ሌላ ነገር ነው፣ ዲጂታል ላይ ስሞክር የጉርዱ ካሜራም ቢሆን ነጭ ነገር ሁሉ ይቃጠልብኛል። ፊልም ላይ እንዲህ አልነበረም። እኔ ነኝ ወይስ ካሜራው?

ጋሽ ኔጋቲቭ፦
አንተም አይደለህም ካሜራውም አይደለም፣ የፊልም ልማድህ ነው። እኔም ስቀይር አንድ ሙሉ ሰርግ ነጠላ አቃጥያለሁ፣ ጥለቱ ብቻ በአየር ላይ ተንሳፍፎ የቀረ አክስት አለችኝ እስከዛሬ ትሰድበኛለች።

ከለር ኔጋቲቭ ላይ ሁለት ስቶፕ፣ ማለትም አራት እጥፍ፣ ብርሃን ብታበዛበት ይችለዋል፣ ለዛ ነው "ከጨለማው ለካ፣ ትንሽ አብዛ" ብለን ያደግነው። ዲጂታል ግልባጩ ነው። ስላይድ ፊልም አንስተህ ታውቅ እንደሆነ ልክ እንደሱ አስበው፣ ነጩ አንዴ ከሞላ ባዶ ወረቀት ነው፣ በኋላ ብትጎትተው ምንም የሚመለስ የለም። ጥላው ውስጥ ያለው ግን አለ፣ በተለይ ዲ750 በሮው (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) ካነሳህ ጨለማውን ስታነሳው በጣም ይታዘዛል። ስለዚህ ልኬትህን ለነጩ አድርግ። ቬሎውና የሀበሻ ቀሚሱ ሽመናው እስኪታይ ድረስ ቀንስ፣ ፊትን በኋላ ታነሳዋለህ። አታብዛው ግን፣ የኛን ጠይም ፊት በጣም አጨልመህ በኋላ ብትጎትተው ኖይዝ ይወጣና ቆዳው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

የብርሃን መለኪያው ሜትርም ያታልልሃል፣ በሁለት በኩል ነው የሚያታልልህ። ሙሽራዋ ፍሬሙን በነጭ ሞልታው ከቆመች ሜትሩ "ብርሃን በዛ" ብሎ ያጨልምብሃል፣ ጨለማ ግድግዳ ፊት ትንሽ ሆና ከቆመች ደግሞ ያቃጥላታል። ኤፍ100 ላይ ይሄን በጣትህ ታውቀው ነበር፣ እዚህም ያው ነው። ልዩነቱ አሁን ወዲያው ታያለህ፣ ሂስቶግራሙን (ጨለማውና ነጩ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየውን ግራፍ) እና የተቃጠለው ቦታ ብልጭ ድርግም የሚልበትን ማስጠንቀቂያ አብራው። የስክሪኑን ምስል ግን አትመነው፣ ጸሀይ ላይ ጨለማ ይመስልሃል ማታ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ቦግ ያለ ይመስልሃል።

እና እባክህ እንጦጦ ፓርክ በስድስት ሰዓት አታውጣቸው። እዛ ከፍታ ላይ ጸሀዩ አናት ላይ ነው የሚቆመው፣ አይናቸው ስር ጉድጓድ ይሰራል። ፕሮግራም መሪው ቢጮህም ዛፍ ስር አስገባቸው ወይ ወደ አስር ሰዓት ግፋው።

የካራው ፎቶ ቤት፦
"ጥለቱ ብቻ" ስትል ሚስቴ ሰምታ ሳቀች። ገብቶኛል። ቤተክርስቲያኑስ? ልጅቷ በተክሊል ነው፣ ሌሊት ነው የሚገቡት። ድሮ 400 ፊልም ይዤ እግዚኦ እያልኩ ነበር የማነሳው።

ለቡ አካባቢ፦
ጋሼ እኔ ቤተክርስቲያን ውስጥ ብዙ ስለማነሳ እኔ ልመልስ። ዲ750 ላይ አይኤስኦ (የፊልሙ 400 አይነት ቁጥር ማለት ነው) 3200 ያለ ሀሳብ ይጠቀሙ፣ 6400ም ለአልበም ይሆናል። 85ን ኤፍ 2 ላይ፣ ሹተሩን 125 ላይ ካደረጉት የጧፉ ብርሃን ራሱ ይበቃዎታል፣ ፍላሽ አያስፈልግዎትም። ፍላሽ የሚከለክሉ ደብሮች ስላሉ ከሰርጉ በፊት ሄደው አስተዳዳሪውን ያናግሩ፣ የት መቆም እንደሚፈቀድ እዛው ያሳዩዎታል። "ኪው" የምትል ቀስ ያለች ሹተር አለችው፣ ጨርሶ ድምጽ አልባ አይደለችም ግን ቅዳሴ መሃል ሰው አያስዞርም። ነጠላ ይዘው ይሂዱ፣ ካልሲም ወፍራም ያድርጉ፣ የጥር ሌሊት ወለሉ ይበርዳል 😅

ፍላሹን በተመለከተ፣ ኤስቢ-28 አዲሶቹ ኒከኖች ላይ ቲቲኤል (ካሜራው የፍላሹን ብርሃን ራሱ የሚመጥንበት) አይሰራም፣ በማንዋል ግን ይሰራል።

ቪዲዮማን ነኝ፦
ቪቪታሯንስ ረሳችኋት እንዴ! የድሮዎቹ 283 ካሜራው ላይ በሚሰካው እግራቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ የሚያወጡ አሉ። ኤፍኤም2 ሜካኒካል ስለሆነ ችሎታል፣ ዲጂታል ቦዲ ላይ ሰክተህ ሰርኪዩቱን እንዳታቃጥለው። መልቲሜትር ያለው ሰው ሳይለካት አትስካ፣ ወይም መደርደሪያ ላይ ለጌጥ ተዋት።

የለገጣፎዋ፦
እኔ ስለ አገዛዙ ልንገርህ ወንድሜ፣ ምክንያቱም ባለፈው አመት ሁለት ካሜራ ገዝቼ አንዱ ላይ ተበልቻለሁ። ሻጩ "20 ሺህ ብቻ ነው ያነሳው" ብሎኝ ነበር፣ እቤት ገብቼ ሳየው ሹተሩ 210 ሺህ አልፏል። የዲ750 ሹተር የተፈተነው ለ150 ሺህ ነው፣ ካለፈ ወዲያው ይሞታል ማለት አይደለም ግን ዋጋው መውረድ አለበት። እዛው ቆመህ አንድ ፎቶ አንሳና በስልክህ የሹተር ቁጥር የሚያነብ ድረገጽ ላይ ጫነው፣ ሻጩ "ኔትወርክ የለም" ካለህ ሻይ ጋብዘው እስኪመጣ ጠብቅ።

ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አድርገህ ሰማይ አንሳ፣ ነጥብ ነጥብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ነው፣ አቧራ ይጠረጋል ጭረት ግን አይጠረግም። ሁለቱንም የካርድ ቦታ በየተራ ሞክር። አንድ ሌላ ነገር፣ የዲ750 የመጀመሪያዎቹ ምርቶች ላይ የሹተር ችግር ስለነበር ኒከን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 በነጻ እየጠራ ጠግኗል፣ ሴሪያል ቁጥሩን ኒከን ድረገጽ ላይ አይተህ ግዛ።

ብሩን ደግሞ ቦዲ ላይ አትጨርሰው። ሁለት ተጨማሪ ባትሪ፣ ሁለት ባለ 64 ጊጋ ካርድ፣ አንድ አዲስ ጎዶክስ ፍላሽ፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ። የአንድ ሰርግ ሮው 40 ጊጋ ሊሆን ይችላል፣ አንዱን ዲስክ ፎቶ ቤት አንዱን እቤት አስቀምጥ፣ ሌባም እሳትም ሁለቱን በአንዴ አያገኛቸውም። ባትሪውን ከሰርጉ ሁለት ቀን በፊት ቻርጅ አድርግ፣ በዋዜማው መብራት ይጠፋል፣ ሁሌ ነው የሚጠፋው።

ሰሚት ኮንዶ፦
እህቴ ያለችው ላይ አንድ ልጨምር፣ ድንኳኑ ምን ቀለም ነው? የእድር ድንኳን ሰማያዊ ወይ ቢጫ ሸራ ከሆነ እንግዳው ሁሉ ፊቱ በሸራው ቀለም ይነከራል፣ ፊልም ላይ አጣቢው ያስተካክልልህ ነበር አሁን አጣቢው አንተ ነህ። ሮው አንሳ፣ ስትገባ አንድ ነጭ ወረቀት አስይዘህ አንሳ፣ በኋላ ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ በዛች ወረቀት ሁሉንም በአንዴ ታስተካክላለህ።

የካራው ፎቶ ቤት፦
ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ዲ750 ገዛሁ፣ ሹተሩ 61 ሺህ፣ ሴሪያሉንም አየሁት ሰላም ነው። ሻጩን ሻይ ጋብዤዋለሁ 😂 የዲ5300ው ባለቤት የወንድሜ ልጅ አኩርፏል። እሁድ ጎረቤት ክርስትና ነበር፣ ለመለማመድ ብዬ ሄድኩ። 85ቷ ገና እንደ አዲስ ናት፣ 3200 ላይ ያነሳሁትን በ20 በ30 አሳተምኩት፣ ግሬኑ ከድሮው 400 ፊልሜ ያነሰ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ልማዴ ግን አለቀቀኝም፣ ሰው ሁሉ 800 ሲያነሳ እኔ 94 ነው ያነሳሁት፣ 94ቱም ግን ይሆናሉ። 35-70ዋ ብቻ ምስሏ ወተት የነካው መሰለኝ።

ጋሽ ኔጋቲቭ፦
ያቺ ሌንስ የታወቀ በሽታ አላት፣ ውስጧ ያለው አንዱ መስታወት ጭጋግ ይይዛል። በኋላዋ በኩል በስልክህ መብራት አብርተህ እያት፣ ጉም ካየህ አትጎርጉራት፣ ሌንስ የሚፈታ ሰው አለ በውስጥ እልክልሃለሁ። ለሰርጉ ካልደረሰችልህ ሰፋ ያለ ሌንስ ለአንድ ቀን ተከራይ፣ ለቤተ ዘመዱ 50 አይበቃህም።

የካራው ፎቶ ቤት፦
አየሁት፣ ጉም ነው። እከራያለሁ። አንድ ነገር ደግሞ፣ ኤፍኤም2ን ላጸዳ ሳነሳት ቁጥሯ 22 ላይ ቆሟል፣ ውስጧ ፊልም አለ። የማን ሰርግ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። ማጠቢያ ቤት የት አለ አሁን?

ጋሽ ኔጋቲቭ፦
ጀርባዋን እንዳትከፍት! መጀመሪያ ፊልሙን መልሰህ ጠቅልለው። ከለሩን በዚህ ሁሉ አመት ጊዜ በልቶታል፣ እኔ ጋ የጥቁርና ነጭ ኬሚካል አለ፣ ከለር ፊልምም ቢሆን በሱ ካጠብነው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ምስል ይሰጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ይዘሃት ና፣ አብረን እናያቸዋለን።