ባለ 9 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ፦ 4ኛው፣ 6ኛውና 8ኛው ላይ ምን ይሻላል?

ሱሉልታ20
ሰላም ለሁላችሁ። ሜዳው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ያለ ባለ 9 ጉድጓድ ነው። ሃንዲካፕ (የችሎታ ደረጃ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል) 20፤ ኳሱ ወደ ቀኝ ይታጠፍብኛል። እዚሁ ሜዳ ላይ በየዱላው የተለኩ ርቀቶች፦ ድራይቨር 215 ሜትር፣ 5 ውድ 185፣ 6 አይረን 150፣ 7 አይረን 140፣ 8 አይረን 130።

4ኛው ፓር 4 ነው (በ4 ምት መጨረስ የሚጠበቅበት)፣ 338 ሜትር። 175 ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በቀኝ ባሕር ዛፍ አለ፣ ከዛፉ ጀርባ ደግሞ ነጭ ችካል (ከሜዳ ውጭ የሚለው ምልክት)። ቀጥታ ከሄዱ ፌርዌዩ (አጭር ሳር ያለው የመጫወቻ መስመር) 210 ላይ ያልቅና ረጅም ሳር ይጀምራል።
6ኛው ፓር 3፣ 155 ሜትር፤ ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት የተላጨ ሳር) ከመነሻው 12 ሜትር ዝቅ ይላል። ከፊት በቀኝ ባንከር (የአሸዋ ጉድጓድ)፣ ከኋላ ቁልቁለት አለው።
8ኛው ፓር 5፣ 470 ሜትር፤ 390 ላይ ወንዝ ያቋርጠዋል፣ ቀይ ችካል (የቅጣት ክልል ምልክት) ነው።

4ኛው ላይ ድራይቨሩን ልተወው? 6ኛው ላይ ስንት ልቀንስ? 8ኛው ላይ ሁለተኛው ምት በምን ይሁን? ኢንተርኔት ላይ ያለ ሠንጠረዥ ደግሞ ለዚህ ከፍታ 9 በመቶ ጨምር ይላል።

ባለዌጅ
መጀመሪያ 9 በመቶውን እርሳው። ሠንጠረዡ ልክ ነው፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ ኳስ ከባሕር ጠለል ይልቅ ያን ያህል ይርቃል። ግን የሚሠራው በባሕር ጠለል ርቀቱን ለለካ ሰው ነው። ያንተ 140 እዚሁ የተለካ ስለሆነ ከፍታው ውስጡ ገብቷል። ደግመህ ከጨመርክ ዱላህ ከእውነቱ በላይ የሚያርቅ ይመስልህና ኳሱ ግሪኑ ሳይደርስ ያጥርብሃል። ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል፣ ይህን ግን ብዙ ሰው አያየውም፦ ቀጭን አየር ኳሱን ስለማያነሳው ዝቅ ብሎ ይበርራል፣ ሲያርፍም ሸርተት ይላል እንጂ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ስለዚህ እዚህ አገር ባንዲራውን ሳይሆን የግሪኑን ፊት ነው ማለም።

4ኛው ላይ ድራይቨር አታውጣ። ሃንዲካፕ 20 የሆነ ሰው የድራይቨር ኳሶቹ ሲደመሩ 60 ሜትር ገደማ ስፋት ላይ ይበተናሉ። ቀጥ ብሎ ከሄደልህ 215 ስለሆነ ፌርዌዩን አልፎ ሳር ውስጥ ይገባል፤ ከታጠፈብህ ነጩ ችካል አለ። ጥሩውም መጥፎውም ምት የሚያስቀጣበት ዱላ ምን ያደርጋል? 5 ውዱ 185 ላይ ያኖርሃል፤ ማጠፊያውን አልፏል፣ ሳሩ ጋ አልደረሰም። ቀሪው 153 ነው፣ 6 አይረን።

አቋቋምህም ለውጥ ያመጣል። ኳሱን ከመነሻው በቀኝ ጠርዝ፣ ከዛፎቹ በኩል አስቀምጥና ወደ ፌርዌዩ ግራ ግማሽ አልም። ከአደጋው ጎን ቆመህ ከአደጋው ትርቃለህ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ግራ ጠርዝ ላይ ቆሞ ወደ ዛፉ ያነጣጥራል።

ኳሱ ዛፍ ውስጥ ከገባና ከሜዳው ውጭ ሊሆን ይችላል ብለህ ከጠረጠርክ ፍለጋ ከመሄድህ በፊት «ፕሮቪዥናል» (ጊዜያዊ ኳስ) ብለህ ተናግረህ ሁለተኛ ኳስ ምታ። ሳትናገር ከመታህ ሁለተኛው ኳስ ጨዋታ ውስጥ ይገባል፣ ቅጣቱም ይቆጠራል። መፈለጊያው 3 ደቂቃ ብቻ ነው።

የካዲ_ልጅ
በ4ኛው ከባለዌጅ ጋር ነኝ። 6ኛውን ልጨምር።

ሂሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ሜትር ቁልቁለት አንድ ሜትር ርቀት ይቀንሳል። 155 ሲቀነስ 12፣ 143። 7 አይረን በቂ ነው፣ 3 ሜትር ያጠረ ይመስላል እንጂ አያጥርም፤ ከላይ እንደተባለው ካረፈ በኋላ ይሸሻል። ዓላማህ የግሪኑ መሐል፣ ትንሽ ወደ ግራ። በግራ በኩል ቢያጥር ቀጣዩ ሽቅብ ቺፕ (አጭር ምት) ነው። ከኋላ ካለፈ ግን ከቁልቁለቱ ወደ ላይ መተህ ወደ አንተ በማያዘነብል ግሪን ላይ ማስቆም አለብህ፣ ቦጊ (ከፓር አንድ ምት በላይ) ከሆነልህ ተመስገን ነው።

አንድ ማስተካከያ፦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በብርድ ከጀመርክ ኳሱ ከቀትሩ ይልቅ ያጥራል፣ በድራይቨር 5 ሜትር ያህል፣ በ7 አይረን ከዚያ ያነሰ። ባንዲራው ከኋላ ሲሆን ብቻ በዚህ ምክንያት ዱላ ቀይር።

8ኛው ላይ ሁለተኛውን 100 ሜትር እስኪቀር ብቻ ምታው የሚሉ ይኖራሉ፣ የሚወዱት ርቀት ስለሆነ።

ባለዌጅ
እሱን ነው የማልስማማበት። አደጋ ከሌለ ሁልጊዜ መቅረብ ይበልጣል፤ ከ60 ሜትር የሚመታ ኳስ ከ100 ሜትሩ ይልቅ ለጉድጓዱ ቀርቦ ያርፋል። እዚህ ግን የሚወስነው ወንዙ ነው። ድራይቨሩ 215 ከሄደ ወንዙ 175 ሜትር ይቀረዋል። 5 ውድ በ185 የሚያሻግረው በ10 ሜትር ብቻ ነው፣ ያውም በደንብ ከተመታ። ከረጅም ሳር ደግሞ አታስበው፤ ኪኩዩ ሳር ዱላውን አንገቱ ላይ ይዞ ፊቱን ይዘጋዋል። ከዚያ 8 ወይም 9 አይረን ይዘህ፣ ኳሱን ወደ ኋላ እግርህ አስጠግተህ፣ ጨብጠህ መትተህ ውጣ።

ከፌርዌይ በክረምት 6 አይረን፦ ኳሱ ባረፈበት ስለሚቀር 365 ላይ ትሆናለህ፣ ከወንዙ 25 ሜትር፣ ከግሪኑ 105። በበጋ ሜዳው ጠንክሮ 15 ሜትር ሲንከባለል ያው 6 አይረን ወንዙ አፍ ላይ ያደርስሃል፣ ስለዚህ 8 አይረን ምታ፤ እየተንከባለለ 360 ላይ ያቆምሃል።

ወንዙ ቢደርቅም ቀይ ችካሉ እስካለ የቅጣት ክልል ነው። ኳሱ ደረቁ አልጋ ላይ ተቀምጦ ከታየ ግን ያለ ቅጣት መምታት ትችላለህ፣ ከ2019 ጀምሮ ዱላህን መሬት ማስነካትም ይፈቀዳል። ድንጋይ ከበዛበት ግን አንድ ምት ተቀብለህ ኳሱ ጠርዙን ካቋረጠበት ነጥብ በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ጉድጓዱ ሳትቀርብ፣ ከጉልበት ከፍታ ልቀቅ።

ሱሉልታ20
እጅግ አመሰግናለሁ። የክረምቱን ካነሣችሁ፦ ኳስ ጭቃ ውስጥ ሲቀበርስ? የከብት ኮቴስ?

የካዲ_ልጅ
ኳሱ ሲያርፍ በራሱ ጉድጓድ ከተቀበረ፣ ከባንከርና ከቅጣት ክልል ውጭ እስከሆነ ድረስ ሳሩ ረጅምም ይሁን አጭር ነጻ ነህ፤ ጠርገህ ከኋላው በአንድ ዱላ ርዝመት ውስጥ ትለቀዋለህ። የከብት ኮቴ ግን በራሱ ነጻ አያወጣም፣ የሜዳው የአካባቢ ደንብ መፍቀድ አለበት። ጠዋት ከመጀመርህ በፊት ቢሮ ጠይቅ።

ጭቃ የተለጠፈበትን ኳስ ማንሣት ካልተፈቀደ ጭቃው በየት በኩል እንዳለ እይ፤ በቀኝ ከሆነ ኳሱ ወደ ግራ ይሄዳል። ከባሕር ዛፉ ሥር ደግሞ ቅርፊትና ቅጠል ማንሣት ይፈቀዳል፣ ግን ስታነሣ ኳሱ ከተንቀሳቀሰ አንድ ምት ቅጣት ነው፤ ኳሱን የሚነካውን ቅርፊት ተወው።