ለድርጅት ለምትሸጡ ጥቆማ፦ ስልክ፣ ደብዳቤ፣ ቴሌግራም ወይስ ኢሜይል?

ዩኒፎርም፣ የጽዳት ዕቃ፣ የጄኔሬተር ጥገና ወይም ሶፍትዌር ለድርጅቶች የምትሸጡ ከሆነ ይህ ጥቆማ ለእናንተ ነው። ብዙ ሻጮች ለአንድ ሆቴል ያንኑ መልእክት በአንድ ቀን በኢሜይልም፣ በቴሌግራምም፣ በስልክም ያዘንባሉ። ተቀባዩ ይሰለቻል። እኔ የምመክረው መንገዶቹን በተራ እንድትጠቀሙባቸው ነው፤ እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ አለው።

መጀመሪያ ስልክ። የምትደውሉት ለመሸጥ ሳይሆን ትክክለኛውን ሰው ለማወቅ ነው። «ዩኒፎርም የሚመለከተው ግዥን ነው ወይስ የሰው ኃይልን?» ብላችሁ ጠይቁ። ፀሐፊዋን በአክብሮት አናግሯት፤ ኃላፊው መቼ እንደሚገኝ የምታውቀው እሷ ናት። ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ባትደውሉ ይሻላል፣ ብዙ ቢሮ ለምሳና ለጁምዓ ሶላት ይወጣል።

ቀጥሎ ደብዳቤ። ወጣት ሻጮች ይንቁታል። ለባንክ፣ ለሆስፒታልና ለትልቅ ፋብሪካ ግን ከሁሉም አስበልጬ የምመርጠው እሱን ነው። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ፣ የንግድ ፈቃድና የቲን ኮፒ፣ ከተቻለም ናሙና ይዛችሁ ሂዱ። ደብዳቤው ሁለት ኮፒ ይሁን። አንዱን መዝገብ ቤት ይቀበላል፣ በእናንተው ኮፒ ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር ይጻፍበታል። ያንን ቁጥር እንዳትጥሉት! በሚቀጥለው ስትደውሉ «በዚህ ቁጥር የገባው ደብዳቤ ለማን ተመራ?» ትላላችሁ። መልሱ ስም ይሆናል። ከዚያ በኋላ የማይታወቅ ሻጭ አይደላችሁም፣ ጉዳይ ያለው ሰው ናችሁ።

ቴሌግራም የሚመጣው ያ ሰው «ካታሎጉን ላኩልኝ» ሲል ነው። ለፎቶ፣ ለፕሮፎርማና ለአጭር ማስታወሻ የሚያህለው የለም፤ እስከ 2 ጊጋባይት ፋይል ይቀበላል። ለማያውቋችሁ ሰዎች በጅምላ አትላኩ። ስፓም ተብሎ ከተጠቆመባችሁ አካውንታችሁ ይገደባል፣ ለአዲስ ሰው መጻፍ አትችሉም።

ኢሜይል ለኤምባሲ፣ ለዓለም አቀፍ ድርጅትና ለውጭ ኩባንያ ይሠራል። እነሱ ዘንድ ሊንክድኢንም የኃላፊውን ስም ለማግኘት ይጠቅማል። ነፃው ጂሜይል በቀን 500 ተቀባይ ይፈቅዳል፤ እኔ ግን በድርጅታችሁ ስም ዶሜን (በኢሜይሉ ላይ ከ@ ቀጥሎ የሚመጣውን አድራሻ) እንድትገዙ እመክራለሁ፣ ብዛት ስለሚጨምር ሳይሆን እምነት ስለሚያስገኝ። በአጭር ቁጥር የሚላክ የጅምላ ኤስኤምኤስ ለነባር ደንበኛ ይሁን፣ ለአዲስ ድርጅት አልመክረውም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አንድ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው። ሁለት ሦስት ሻጭ ላለው ድርጅት ጎግል ሺት ይበቃል፦ ድርጅቱ፣ ሰውየው፣ በምን ተገናኘን፣ ምን አለ፣ ቀጣዩ ቀን፣ የሚከታተለው ማን ነው። ሻጮች ሲበዙ ሀብስፖት የሚባለውን የደንበኛ መከታተያ ሶፍትዌር ነፃ ዕቅድ ሞክሩ፤ የሚከፈልበት ግን በዶላር ስለሆነ ቀድማችሁ አስቡበት። ስቶክና ሽያጭን አብሮ ለመያዝ ኦዱ የሚባለው የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ይሻላል፣ ኮሚዩኒቲ የሚባለው ዓይነቱ ነፃ ቢሆንም የሚተክልላችሁ ባለሙያ ያስፈልጋል። የትኛውንም ብትመርጡ አንድን ድርጅት የሚከታተል ሻጭ አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ሰው ደውሎ ሁለት ዋጋ ሲናገር ደንበኛው ሁለቱንም አያምንም።

ጊዜውንም አስሉ። ባንኮችና የመንግሥት ተቋማት ሒሳባቸውን የሚዘጉት በሰኔ መጨረሻ አካባቢ ነው። ደብዳቤያችሁ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ሲዘጋጅ እጃቸው ላይ እንዲሆን ሚያዝያና ግንቦት ላይ አስገቡ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ጨረታው በኤሌክትሮኒክ የግዥ ሥርዓቱ ስለሚወጣ ምዝገባችሁን አስቀድሙ።

የስልክ ዝርዝር ከሰው አትግዙ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የሰው ቁጥር ያለፈቃዱ መቀባበል ጣጣ አለው። «አንፈልግም» ያለ ካለም በስልክ ብቻ ሳይሆን ከቴሌግራሙም ከኢሜይሉም አውጡት፣ ቀኑን መዝግቡና ሌላው ሻጭ እንዳይደውልለት አድርጉ።