ድንኳኔ አሸዋ ላይ አልቆም አለኝ

የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። በዙሪያችን ባለው የፌዴራል መንግሥት በረሃ በብዙ ቦታ ያለ ክፍያ እስከ 14 ቀን ድንኳን ተክሎ ማደር ይፈቀዳል። ውሃም መጸዳጃም የለም፤ ሁሉን ይዞ መሄድ ነው። ልጆቼ ያንን በከዋክብት የተሞላ ሰማይ እንዲያዩ ስል ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። ያቃተኝ ነፋሱ ነው።

ድንኳኑ የአራት ሰው ነው፤ ካስማዎቹ 18 ሳንቲ ሜትር ቀጫጭን ብረት። መሬቱ ልል አሸዋ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ አንድ በአንድ እየተመዘዙ ይወጣሉ። ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ካስማ ገዝቼ አጋድሜ ተከልኩ፤ ጥቂት ያዘና ተነቀለ። ገመዱን ድንጋይ ላይ ባስረው የድንጋዩ ጠርዝ በላው። አሁን ያሰብኩት ገመዱን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ አስሬ መቅበር ነው። በረሃ ላይ ድንኳን የተከላችሁ ወገኖች፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዲይዝ ከረጢቱን ምን ያህል አጥልቄ ልቅበረው?