የፓታን ፎቶግራፎቼን መለየት አቃተኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ወገኖቼ፣ በጣም ጨንቆኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኔፓል ሳለሁ በፓታን ከተማ ቤተ መንግሥት አደባባይ ከ300 በላይ ፎቶግራፎች አንስቼ ነበር። በዓመቱ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የቻር ናራያንና የሃሪ ሻንካር ቤተ መቅደሶች ፈረሱ። በኋላ መልሰው ቢገነቧቸውም የቀድሞው ገጽታ እንዳይረሳ ምስሎቹን ለታሪክ ማኅደር ማበርከት እፈልጋለሁ።

ነገር ግን የካሜራዬ ሰዓት የተዛባ ስለነበር ቅደም ተከተላቸው ጠፋብኝ። አብዛኞቹ ከጣሪያው ሥር አጋድመው የቆሙትን፣ ባለ ብዙ እጅ አማልክት የተቀረጹባቸውን የእንጨት ድጋፎች በቅርብ የሚያሳዩ ናቸው። አንደኛው የተቀረጸ አምላክ አንድ እጁ ከክርኑ ተሰብሯል፤ በስንጥቁም ቀይ ዱቄት ገብቶበታል። የየትኛው መቅደስ ይሆን? ቻር ናራያን የሂንዱው አምላክ የቪሽኑ፣ ሃሪ ሻንካር ደግሞ የቪሽኑና የሌላው የሂንዱ አምላክ የሺቫ ጥምር መቅደስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህ ብቻውን ግን አልበቃኝም። በግምት ስም ሰጥቼ ተመራማሪ ማሳሳት አልፈልግም።

የኔዋሮችን (የካትማንዱ ሸለቆ ነባር ሕዝብ) የእንጨት ቅርጽ የምታውቁ፣ በምን ምልክት ልለያቸው? የማኅደር ባለሙያዎችስ፣ ያልታወቀውን እንዴት ልመዝግበው?